የስምንት ሰው ጠረጴዛ

ነሐሴ፣ እኩለ ቀን፣ ሻርጃ፣ ሰናዒያ፤
ላብ ያንሸራትታል የእጄን መላጊያ።
አየሩ እርጥብ ጨርቅ፣ ጣሪያው የጋለ ብረት፣
ሻፊቁል ከዳካ፣ እኔ ከሐርቡ፣ በአንድ አሮጌ ቬንትሌተር ፊት።

ስድስት ሳንቃ መጣ፣ የአንድ ግንድ ወንድማማች፤
የአንዱን ልብ ወደ ላይ፣ የሌላውን ወደ ታች፣
እያገላበጥኩኝ ጎን ለጎን አስተኛሁ፤
ሁሉም ባንድ ቢጎብጥ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።
ኮላ፣ ከዚያ ሞርሳ፤ ጥርሱን ነክሶ አደረ፤
ጠዋት በጥፍሬ ስፈልገው፣ መጋጠሚያው የት ነበረ?
እግሩን ወንዴ ሴቴ፣ በመሮ ፈልፍዬ፣
እንቢ ሲል ፍቄለት፣ ሲገባ «ቆይ» ብዬ።

እዚህ ላይ ልናገር፤ ጥፋቴ እዚህ ነው።
ገበታው ይሰፋል፣ ይጠባል፤ እንጨት ቢሞትም እስትንፋስ አለው።
ከሥሩ ብሎኑ መንሸራተቻ ይሻል፣ ረዘም ያለ ቀዳዳ፤
ይህን በጥፊ ነው የተማርኩት፣ ኮምቦልቻ፣ ካንድ ሽማግሌ ጓዳ።
ግን ሐሙስ ነበረ። ሙዲሩ «ያላ!» ይላል፣
የመኪናው ሞተር በሩ ላይ ያጓራል፣
ልጄን ከክፍል አስወጥተውታል፣ ክፍያ ስላልደረሰ፤
ክብ ቀዳዳ በሳሁ። ብሎኑ እስከ አንገቱ ገባ፣ ነከሰ።

ዘይት፣ ሦስት ጊዜ። በጨርቅ ሳሸው ተነሣ ጅማቱ፤
የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚተወው ነው ምልክቱ።
ባጎነበስኩ ቁጥር ጥላዬን አየሁበት፤
አማረ። ማማሩ ነው አፌን የያዘው፤ ዝም አልኩበት።

አራት ሆነን ገባን፣ ጫማ በር ላይ ትተን፤
ቪላው ውስጥ ብርድ ነው፤ አሥራ ስድስት ዲግሪ፤ ከነላባችን አስነጠሰን።
«ስምንት ሰው ይበላበታል» አለች ማዳም፣ መዳፏን አሳርፋ፤
ሁለት ወር ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ፣ ነገር ከፋ፦
«ጠረጴዛህ ተሰንጥቋል። ዛሬውኑ ና።»

የጓዳውን በር የከፈተችው ጦይባ ናት፣ የቃሉ ልጅ፤
በረኪና ያነጣው፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ።
«ጋሼ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች በሹክሹክታ፣
«እነሱ ምንጣፍ ላይ ነው፣ በትሪ፤ ይኼ ቆሞ ይውላል ለእይታ።
እኔም ቆሜ ነው የምበላው፣ ከምድጃው አጠገብ፤
አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣ አማረኝ ተቀምጦ እንደ ሰው መመገብ።
ሰሐኔን አስቀመጥኩ። ወንበር ሳብኩ። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳልውጥ
ጧ! አለ ከክንዴ ሥር፣ እንደ ጥይት፤ አየሁት ሲፈርጥ።
ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤
የስንት ወር ደመወዝ ይሆን ዋጋው? አልነገርኳቸውም።»

ተንበርክኬ አየሁት። መሐሉን ነው፣ በጅማቱ ልክ የሰነጠቀው፤
ብርዱ ሲያደርቀው ሊሰበሰብ ፈለገ፤ ብሎኔ ነው ያልለቀቀው።
«አንቺ ባትቀመጪም በማግሥቱ ይጮህ ነበር» አልኳት፤
አላመነችኝም። ማጽናናት መሰላት።

ስለዚህ ለማዳም፣ ጦይባ እየሰማች፣
«የኔ ጥፋት» አልኩኝ፤ ብሎኑን አሳየሁ። ማዳም ዓይኗን አጠበበች፣
ስልክ ደወለች። ከፊሌም ከፊሉን ደመወዝ ቆረጠ፤
የልጄ ክፍያ ደግሞ፣ ዳግመኛ፣ አመለጠ።

ብሎኑን ፈታሁ። ቀዳዳውን አስረዘምኩ በሞረድ፤
ስንጥቁን አልሞላሁትም፤ ይጥበብ፣ ይስፋ፣ እንደሚወድ።
ብቻ ከጥቁር እንጨት ቢራቢሮ ቀረጽኩ፣ ወገቡ የደቀቀ፣
ቀበርኩት ስንጥቁ ላይ፤ ክንፉ ሁለቱን ወገን አነቀ።

ከዚያ ከሥሩ ገባሁ፣ በጀርባዬ ተኛሁ፤
እርሳሱን ከጆሮዬ አነሣሁ።
ስም አይደለም፣ ቀን አይደለም፣ ዘይት ያልነካው ላይ የጻፍኩት፤
ፊደሉን የሚያውቅ ቢመጣ እንኳ ተኝቶ ነው የሚያነብበው፣ አቧራውን ጠርጎት፦
«ጦይባ አልሰበረችውም።»

ወጥቼ ወንበር ሳብኩላት። ማዳም ፎቅ ላይ ናት።
አልተቀመጠችም።